የፈይዛ ጥቁር ቦሎቄ

ወጡ ተደፋ። ጥር ፲፬ ቀን ፳፻፮ ዓመተ ምሕረት ረፋድ ላይ፣ በመካነ ሰላም ከተማ፣ ወይዘሮ ኑርጃን የልጃቸውን ድስት አንሥተው ከንጋት ጀምሮ የተንተከተከውን ቀለም የመሰለ ውሃ ጓሮ ደፉት፤ በዚያ አገር ጓያ የሚበላው መርዙ እንዲወጣ ውሃው እየተደፋ ነውና፣ ጥቁር ቦሎቄም እንደዚያው መስሏቸው ነበር።

«እማ፣ ምን አደረጉ! ወጡ እኮ እሱ ነበር!» አለች ፈይዛ።

«እግርሽ ሲሽመደመድ ቆሜ ልይ? አላህ ይጠብቀን እንጂ!»

ፈይዛ በዚያ ዓመት ከሳዑዲ ዓረቢያ ከተመለሱት ከመቶ ሺህ በላይ ሰዎች አንዷ ነበረች፤ ሌሎች ሻንጣቸውን በልብስ ሲሞሉ፣ እሷ በጅዳ ማድ ቤት አብራት ትሠራ የነበረች ብራዚላዊት የሰጠቻትን ሦስት ኪሎ ጥቁር ቦሎቄ ይዛ ገባች። ድስቱ ውስጥ የቀረው ፍሬ የመጨረሻው ነው። ስድስት ሰዓት ላይ በከተማው ዳር ያለው የመንገድ ሥራ ካምፕ አለቃ ለባዕዳን መሐንዲሶች አብሳይ ሊመርጡ ወጧን ይቀምሳሉ፤ ካልተመረጠች ወንድሟ ጀላል እንደገና ዓረብ አገር ሊሰዳት ቆርጧል።

«አለቀልሽ፣ እታለም» አለ ጀላል ፓስፖርቷን እያገላበጠ። «ደላላው ከደሴ ስድስት ሰዓት ላይ ይደውላል።»

«ዝም በል፣ እያሰብኩ ነው!»

ጅዳ ማድ ቤት እንደ ተማረችው፣ የብራዚል ሰዎች ከሥጋ ጋር ይቀቅሉታል፤ መረቁ ግን ሄዷል። ኩባዎች ሩዙን በመረቁ ያጠቁራሉ፤ እሱም አይሆንም። ሜክሲኮዎችስ? ሜክሲኮዎች ጨፍልቀው በዘይት ይጠብሱታል፤ መረቅ ምን ያደርግላቸዋል!

«እማ፣ ሙቀጫውን ያቀብሉኝ! ጀላል፣ ሽንኩርት ክተፍ!»

«እኔ?»

«ፓስፖርቱን አስቀምጥና፣ አዎ፣ አንተ!»

ቦሎቄው ተወቀጠ፤ ሽንኩርቱ ተቁላላ፤ ከሙን ተነሰነሰ፤ ዘይቱ ጮኸ፤ ጀላል ዓይኑን እያበሰ ሌላ ሽንኩርት ላጠ። ወይዘሮ ኑርጃን በጣታቸው ጫፍ ቀመሱ፤ እግራቸውን አዩ፤ ደግመው ቀመሱ።

«ማሻአላህ! ይኼስ ሽሮን ያስንቃል። ትንሽ አስቀሪልኝ።»

የዘመኑ መዝገብ በአውሮፕላን የተመለሱትን በቁጥር ጽፏል፤ ምን ሙያ ይዘው እንደ ገቡ የጻፈበት ገጽ ግን የለውም።

«ደላላው ሲደውል፣ ሥራ ይዛለች በለው» አለች ፈይዛ።

«ገና ሳይቀምሱት?»

«ገና ሳይቀምሱት!»

ትኩሱን ድስት በጨርቅ ጠቅልላ አቀፈች፤ ወደ ካምፑ ልትሄድ ወጣች፤ በሩንም በተረከዟ ዘጋችው።