ክብ ምልክት ያለበት እንቁላል

ይህን ያወራችው ውዴ ናት፤ የሕፃናቱን ክፍል የምትጠርገው ውዴ። እጇ ሲጠርግ ጆሮዋ ሥራ አይፈታም። ያየችውን አይታለች፤ ያላየችውን ከመምህርት ደብሪቱ ጠይቃ ሞልታለች። እናንተም ልጆች ጠጋ በሉና ስሙ።

ዮዲት ስድስት ዓመቷ ነው። ቤቷ እንጅባራ፣ ወደ ዘንገና በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። እናቷ አምሳለ ዶሮ ታረባለች፤ ስለ ዶሮ ከእሷ በላይ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስላትም። ዮዲትም የእናቷ ልጅ ናት።

ግንቦት ሲገባ መምህርት ደብሪቱ አንዲት ገብስማ ዶሮ ይዛ ክፍል መጣች። በቀርከሃ ቅርጫት ጭድ ጎዘጎዘችና አሥራ አንድ እንቁላል አስታቀፈቻት። ልጆቹም አሥራ አንድ ነበሩ። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ደረሰው፤ እንዳይጣሉም በከሰል ምልክት አደረጉበት። የዮዲት ምልክት መስቀል ነበር። የፀጋው ክብ ነበር።

ፀጋውን አባቱ ከጥርባ በኩል በፈረስ አፈናጦ ነው የሚያመጣው። እቤቱ የሚነገረው አገውኛ ስለሆነ ክፍል ውስጥ ብዙ አይናገርም። ለእንቁላሉ ግን ያወራል። ጠዋት ጠዋት ይንበረከክና በአገውኛ ያንሾካሹክለታል።

"ምን እያልከው ነው?" አለችው ዮዲት አንድ ቀን።

"እንዴት አደርክ።"

"እንቁላል ጆሮ የለውም።"

"ውስጡ ያለው አለው።"

በአሥረኛው ቀን መምህርቷ መስኮቱን በነጠላዋ ጋረደች። የስልኳን መብራት አበራችና እንቁላል አስጠጋችበት። ልጆቹ ውስጡን አዩ። ቀይ ክር የመሰለ የደም ሥር ተዘርግቷል፤ መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ይንቀሳቀሳል።

"እሱ ነው?" አለ ፀጋው።

"እሱ ነው። ነፍስ ስላለው ቀስ ብለን እንይዘዋለን።"

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ሰማዩ ጠቆረ። ፀጋው ትኩሳት ይዞት ከቀረ ሦስት ቀኑ ነው። በእረፍት ሰዓት መምህርቷና ልጆቹ ዶሮዋን ጥሬ ሊያበሉ ደጅ ወጥተው ሳለ ነጎድጓድ ጮኸ። ዮዲት ደነገጠች። እናቷ ሰማይ ሲያጉረመርም ሮጣ ከታቀፈችው ዶሮ ሥር ሚስማር ትሸጉጣለች። ብረት ከሌለ ነጎድጓድ እንቁላሉን ያበላሸዋል ይባላል።

"የእኛ እኮ ምንም ብረት የለውም" አለች በልቧ። የክፍሉ በር ላይ ትልቅ ጓጉንቸር ቁልፍ ተንጠልጥሏል። አወጣችውና ወደ ቅርጫቱ ሮጠች።

ክፉ ልጅ ናት? አይደለችም ልጆች። ለእንቁላሎቹ አዝና ነው።

ግን ቁልፉ ከበዳትና ከእጇ አመለጠ። መስቀል ያለበት የራሷ እንቁላል ላይ ወደቀ። ቅርፊቱ ወደ ውስጥ ገባ፤ ደም ወጣ።

ዮዲት ደርቃ ቀረች። ልናገር? የሁሉም ጫጩት ሲወጣ እሷ ባዶ እጇን ልትቀር ነው። አጠገቡ ደግሞ የፀጋው እንቁላል ደህና ተቀምጧል። ፀጋው የለም። ማን ያያል? ጣቷን እየላሰች ክቡን አጠፋች፤ መስኮቱ ላይ ያለውን ከሰል አንስታ መስቀል አደረገችበት። የተሰበረውን መስቀል አጥፍታ ክብ አደረገችበት። ቁልፉንም ወደ ቦታው መለሰች።

ስትወጣ ውዴ በሩ ላይ አገኘቻት።

"አንቺ፣ ከንፈርሽ ምነው ጠቆረ? ከሰል ቃምሽ?"

"አይ እትዬ ውዴ፣ እርሳስ ነው።"

ይኸው፣ አንዱ ውሸት ሁለት ሆነ።

መምህርቷ የተሰበረውን ስታይ ዶሮዋ የረገጠችው መሰላት። ወስዳ አፈር ውስጥ ቀበረችው። በሃያኛው ቀን ፀጋው ተሽሎት መጣ። ተንበርክኮ ክቡን ፈለገ፤ አጣው። መምህርቷ ስትነግረው አላለቀሰም። ዮዲት አጠገብ መጥቶ ተቀመጠና ቀስ ብሎ ጠየቃት።

"ስለቀረሁ ነው የሞተ?"

"እንጃ" አለች ዮዲት።

ምሳዋን ግን አልበላችም። ዳቦዋን እንዳለ ይዛ ብትመለስ አምሳለ "ልጄን ምን ነካብኝ" እያለች ሰፈሩን አዳረሰችው።

በማግስቱ ከቅርጫቱ ውስጥ ጭው ጭው ተሰማ። መጀመሪያ የተሰነጠቀው መስቀል ያለበት እንቁላል ነበር። ጫጩቷ ስትደርቅ መምህርቷ በመዳፏ ይዛ መጣች።

"እጅሽን ዘርጊ ዮዲት፣ ያንቺ ናት።"

ዮዲት እጆቿን ከጀርባዋ ደበቀች።

"ምነው፣ ፈራሽ?"

"የኔ አይደለችም ቲቸር።" እንባዋ ቀደማት። "የፀጋው ናት። የኔን በቁልፍ ሰበርኩት። ነጎድጓዱ እንዳያበላሸው ብዬ ብረት ላስቀምጥ ነበር። ከዚያ ምልክቱን ቀየርኩት።"

"ሌባ" አለ አዝመራው የሚባለው ልጅ። መምህርቷ በዓይኗ ዝም አሰኘችውና ዮዲትን ወደ ራሷ አስጠጋቻት።

"እንቁላል የሚፈልገው የዶሮዋን ሙቀት ነው እንጂ ብረት አይደለም የኔ ልጅ። ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር። የሰበርሽው ሳታስቢ ነው፤ በእሱ ማንም አይቆጣሽም። የፀጋውን ወስደሽ፣ እሱ ሲያዝን እያየሽ ዝም ማለትሽ ግን ጥፋት ነው። እግዚአብሔርንም ፀጋውንም ይቅርታ ጠይቂ።"

ዮዲት ወደ ፀጋው ዞረች። "ይቅር በለኝ። ስለቀረህ አይደለም። ያንተ አልሞተም።"

ፀጋው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ጫጩቷን በሁለት እጁ ተቀበለና ቀና ብሎ ዮዲትን አያት።

"ቁልፉ ከበደሽ?" አላት።

"በጣም።"

"ብትጠሪኝ አግዝሽ ነበር።"

"አንተ ታመህ ነበር።"

"እሱስ ነው" አለና እጁን አስጠጋላት። ዮዲት በአንድ ጣቷ ብቻ የጫጩቷን ጀርባ ዳሰሰች።

እንግዲህ ልጆች፣ ጥፋታችንን ደብቀን በሌላ ሰው ላይ ስናደርገው ያ ሰው ባላጠፋው ያዝናልና፣ ሳይውል ሳያድር እንናገር።

ዘጠኝ ጫጩት ተፈለፈለ፤ የአዝመራው እንቁላል ስላልተፈለፈለ ዮዲትና እሱ ሳይደርሳቸው ቀሩ። የፀጋው ጫጩት ሲያድግ አውራ ዶሮ ሆነ፤ ጥርባ ነው ያለው። መምህርት ደብሪቱ ወደ አዘና ተዛወረች። ዮዲትና ፀጋው አንደኛ ክፍል ገብተው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ውዴም ያንኑ የሕፃናቱን ክፍል ትጠርጋለች።