ሽብልቁ ከሻንጣ አልወጣም

ታናሽየው «በሩ ከውስጥ በሽብልቅ ተይዞ ነበር፤ በትከሻዬ ብገፋው ንቅንቅ አላለም» አለ። ባለሆቴሉ ደግሞ «ምን ተይዞ! ጠዋት በአንድ እጄ ነው የከፈትኩት» አለ። በሁለቱ ቃል መካከል ታላቅየው አልጋው ላይ ሞቶ ተገኝቷል፤ ሰውነቱ ላይ ጭረት እንኳ የለም።

ወንድማማቾቹ ለንግድ ሰው አገር የመጡ ናቸው። ታላቅየው ባደረበት ሆቴል ሁሉ በሩ ሥር የእንጨት ሽብልቅ ሳይሰነቅር አይተኛም። ሽብልቁ ግን ሻንጣው ውስጥ፣ ከሸሚዞቹ ሥር ተገኘ። ፖሊሶቹም ታናሽየው የሚደብቀው ነገር አለ ብለው ያዙት።

ቆንስላው የላካት መርማሪ እንግዳ መቀበያው ጋ ቆም አለች። እዚያ መስኮት ላይ የተሰቀለው አረንጓዴ መጋረጃ አንዱ ክንፍ ከሌላው አጥሯል። ከዚያ ከባለሆቴሉ ጋር ወደ ሟች ክፍል ወጣች። ከጋዝ ማሞቂያው በላይ ግድግዳው ጠቁሯል።

«ሟቹን ለምን ወደዚህ ክፍል አዛወሩት?»

«የፊተኛው ክፍል ቧንቧ አፈሰሰ። ይኼ ድሮ ዕቃ ቤት ነበር፤ አሁን ሲሞላብኝ እንግዳ አሳድርበታለሁ፤ ቁልፉም ከጠፋ ቆይቷል» አለ ባለሆቴሉ።

«ማሞቂያውስ?»

«ምንም አይልም።»

በፖሊስ ታጅቦ ወደ መጣው ታናሽየው ዞረች። «አንተስ ማታ ምን ፈልገህ መጣህ?»

«ራሴን አሞኛል ብሎኝ ነበር። ባንኳኳ ዝም። ብገፋው እምቢ አለኝ። ሽብልቁን ሰንቅሮ ተኝቷል፣ ሰላም ነው ብዬ ተመለስኩ። ቀን ‹ጋሼ፣ ሻንጣህ ውስጥ ከልብስ እንጨት ይበዛል› እያልኩ ስቀልድበት ነበር።»

የሟች ሚስት እንደደረሰች መርማሪዋ ሦስቱንም በሩ ፊት ሰበሰበቻቸው። አንድ ፖሊስ አብሮ ቆመ።

«እንደዚያን ዕለት አድርገህ ክፈተው።»

ታናሽየው በትከሻው ገፋ። በሩ አልተነቃነቀም። መርማሪዋ እጀታውን ይዛ ወደ ራሷ ሳበችው፤ በሩ ያለ ድምፅ ተከፈተ።

«የሌሎቹ ክፍሎች በር ይገፋል፤ የዚህ ግን ይሳባል። ወደ ውጭ ለሚከፈት በር ሽብልቅ አይሠራም። ሟች ይህን አይቶ ከሻንጣው አላወጣውም። ስለ በሩ ሁለታችሁም አልዋሻችሁም።» ከቦርሳዋ ጥቀርሻ የጠጣ አረንጓዴ ጨርቅ አወጣች። «ይህን ግን ከማሞቂያው ጭስ መውጫ ጎትቼ ነው ያወጣሁት። ከመጋረጃዎ የጎደለው ነው። መጀመሪያ ራሱን ያሳመመው፣ ኋላም የገደለው መውጫ ያጣው ጭስ ነው።»

«ነፋስ ይገባል ብለው እንግዶች ቢያማርሩ ጊዜ...» አለ ባለሆቴሉ። ፖሊሱ ክንዱን ያዘው።

ማንም አላለቀሰም። ታናሽየው በሩን እያየ «ስቤው ቢሆን ኖሮ» አለ።

«ለእማማ ተቆልፎ ነበር በላት» አለች የሟች ሚስት ቀስ ብላ። «ለሷም ላንተም ይሻላል።»

«አይ፣ እትዬ። ክፍት ነበር። እኔው ፊቷ ቁጭ ብዬ እነግራታለሁ።»