ባለአንድ ዓይኖቹ

ሥዕሉን ከሁሉ በፊት የናቅሁት እኔ ነኝ። ኃይለየሱስ ከአርመኑ ሱቅ ገዝቶ «ለግድግዳችሁ ነው» ብሎ አመጣው፤ ፈረንጅ አገር የታተመ፣ ባለመስተዋት ነገር። አንድ ጎረምሳና አንዲት ልጃገረድ ሐይቅ ዳር ቆመው ይተያያሉ። የቢሾፍቱን ሐይቅ ያየ ሰው ያንን ኩሬ ሐይቅ አይለውም።

ግድግዳው ሰበብ ነው። ኃይለየሱስ አዳማ ጣቢያ ባቡር በባንዲራ የሚያስነሳ ሰው ነው። አክስቴን ልሸኝ በሄድኩ ዕለት እኔን ሲያይ ባንዲራውን ማውለብለብ ረስቶ ባቡሩን ገትሮት ቀረ። ጅል ነው አልኩ። ከዚያ ወዲያ ግን የማላውቀውን መንገደኛ ሁሉ መሸኘት ጀመርኩ።

አባቴ አቶ ገብረወልድ የኬላ ሹም ናቸው። ሥዕሉንም እንደ ነጋዴ ጭነት ፈተሹት።

«ሁለቱም ያላቸው አንድ አንድ ዓይን ነው።»

«ከጎን ስለሚታዩ ነው፣ ጌታዬ።»

«ቤተ ክርስቲያን አትስምም እንዴ? በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና ይሁዳ ነው! ቤቴ አይሰቀልም፤ ይህን ያመጣም ልጄን አያገባም።»

ወንድ ቢሆን ይከራከር ነበር። የእኔ ጀግና ሥዕሉን ታቅፎ ወጣ።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ይዞ መጣ፤ የአባቴን ወዳጅ አቶ ኢተፋን። ሥዕሉንም ይዞታል። ለካ ለቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ሰጥቶት ኖሯል። ሠዓሊው የሁለቱንም ፊት ወደ እኛ አዙሮ፣ እንቁላል የሚያካክሉ አራት ዓይኖች ደርድሮላቸዋል።

«አሁን ሰው ሆኑ!» አሉ አባቴ ደስ ብሏቸው። «ተሻለች፣ ጠላ ቅጂ» አሉኝ።

ፈቃዳቸው አፋቸው ላይ ደርሷል። ኃይለየሱስ እሳቸው ላይ አፍጥጦ ፈገግ ይላል። እኔን አንጀቴን አሳረረኝ። ከዚያ አስቀያሚ ሥዕል የምወደው መተያየታቸውን ብቻ ነበር፤ እሱንም አጠፋው።

ጠላውን ስቀዳለት ጎንበስ ብዬ ሹክ አልኩት።

«አሁን ማንን ነው የሚያዩት?»

«አባትሽን» አለ፤ ጥያቄው ሳይገባው።

«አንተስ?»

ጆሮው ቀላ። ከዚያ ዋንጫውን አስቀምጦ፣ ለአባቴ ጎኑን ሰጥቶ፣ ሽማግሌ ፊት ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም። እኔም አላነሳሁም። አባቴ እምቢ ቢሉ ማጣቴ ነው፤ ግን ያን ጊዜ ወደድኩት።

«ምን ዓይነት ድፍረት ነው!» ጮኹ አባቴ። «ይኸው፣ ሁለቱም ባለአንድ ዓይን ሆኑ!»

አቶ ኢተፋ ሳቁ። «ገብረወልድ፣ አንተስ መሰለችን ስታያት ስንት ዓይን አለህ? እኔ ከጎንህ ሆኜ የማየው አንድ ነው።»

እናቴ መሰለች ጓዳው በር ላይ ቆማ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። አባቴ ሊቆጧት ዞሩ፤ ዞረውም ቆዩ።

«ይጋቡ» አሉ፣ ፊታቸውን ከእሷ ሳይመልሱ።

ሥዕሉ ዛሬ እኛ ቤት ተሰቅሏል። እንግዳውን ሁሉ በአራት ዓይን ይገላምጣል። ኃይለየሱስ ግን ለእንግዳ የሚተርፈው አንድ ዓይን ብቻ ነው፤ ሌላውን የማየው እኔ ነኝ።