የአፍ ወለምታ

ዘፈኑ አለቀ፤ የሃርላን ተግል ድምፅ አልተከተለም።

በደቡብ ጆርጂያ፣ በካይሮ ከተማ፣ ቁርስ ላይ የነበረ ሁሉ ወደ ሬዲዮው ዞረ። ምርጫው ከተቃረበ ወዲህ ሃርላን ሊበራሎቹን በአንደበቱ ሳይገርፍ ያለፈ ማለዳ አልነበረም።

ሚስቱ ቨርና ጣቢያው ስትደርስ ማይክራፎኑ ላይ ተደፍቶ አገኘችው። ጥይቱ የገባው በመስኮቱ ነው።

አላለቀሰችም። እንባዋን ገዳዩን እስክታይ አቆየችው።

በዋዜማው በጣቢያው ስልክ የተቀዳ ዛቻ ነበር። መርማሪው ሩፈስ ግሬዲ ለእሷ ብቻ አሰማት። የሰሜን ሰው ቅላጼ ያለው ድምፅ፣ ከተማዋን በስም ጠርቶ፣ ሊበራሎቹን መንካት ካልተወ እንደሚመጡበት ይዝታል።

በማግስቱ ከቦስተን የመጣ ኮልቢ ራይስ የሚባል የሊበራሎቹ ቀስቃሽ ታሰረ። ሃርላን በቅርቡ ሬዲዮ ላይ ጋብዞት ነበር። ልጁ ገበሬው ውሃ እንዲቆጥብ ሲመክር ሃርላን አዳመጠውና፣

«ልጄ፣ ኦቾሎኒ ዛፍ ላይ ነው የሚያፈራው ወይስ ቁጥቋጦ ላይ?» አለው።

«ቁጥቋጦ ላይ።»

«ሰማችሁ? ከመሬት በታች ያለውን ሳያውቁ ነው መሬታችንን ሊያስተዳድሩ የሚመጡት።»

ከተማው ሲስቅበት ሰነበተ። አሁን ያው ከተማ የልጁን ደም ፈለገ፤ ከሁሉም በላይ ቨርና። የሃርላን የልጅነት ጓደኛ፣ የወግ አጥባቂዎቹ እጩ ዶይል ስታንሲል፣ ሬሳ ሳጥኑን ከተሸከመ በኋላ ሊበራል በክርክር ሲሸነፍ በጥይት ይመጣል ብሎ ሲናገር በመስማማት ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

ከቀብሩ በኋላ የገዳዩን ፊት ልታይ ከሩፈስ ጋር እስር ቤት ሄደች።

«ወይዘሮ ተግል፣ በባለቤትዎ ተናድጄ ነበር፤ አልዋሽም» አለ ኮልቢ። «ግን ካይሮ የመጣሁት ድምፅ ልለምን ነው እንጂ ሰው ልገድል አይደለም።»

ቨርና ቀና አለች። ልጁ የጠራው የግብፅን ከተማ ነው። የአገሬው ሰው እንዲያ አይልም፤ ጽሑፉ ካይሮ ቢሆንም፣ በእነሱ አፍ ከተማዋ «ኬሮ» ናት።

«ሩፈስ፣ ቅጂውን ድገምልኝ።»

ድምፁ እንደ ሰሜን ሰው እየተንጠባረረ ዛተ፤ «ኬሮ ድረስ መጥተን ወንበርህን ባዶ እናስቀረዋለን።»

ሩፈስ ባርኔጣውን አወለቀ። «የኛው ሰው ነው፣ ወይዘሮ ቨርና።»

ልጁን አሁንም አልወደደችውም። «ከዛሬ ጀምሮ ኬሮ በል» አለችው። «ኦቾሎኒ ደግሞ ከመሬት በታች ነው።»

ያን ጊዜ ትዝ አላት። ዛቻው በተቀዳበት ዕለት ዶይል ቤታቸው መጥቶ ነበር። የገበሬውን የወንዝ ውሃ ለከተማ ቤት ሠሪዎች ሊያሳልፍ በስውር መስማማቱን ሃርላን ደርሶበት ነበር። ቨርና ከወጥ ቤት ሆና የሰማችውን የጓደኛሞች ጭቅጭቅ ብላ ንቃው ነበር፤

«ለሊበራሎቹ ያወጣሁትን ሚዛን ነገ ሬዲዮ ላይ ላንተም አወጣዋለሁ» ብሎት ነበር ሃርላን።

ሩፈስ ዶይልን በጸጥታ ሊይዘው ፈለገ። እሷ እምቢ አለች። ሃርላንን ሲሰማ የኖረ ሁሉ ይህንንም ይስማ አለች።

ለሃርላን መታሰቢያ በተዘጋጀው የማለዳ ዝግጅት ላይ ዶይልን ጠራችው። ሊበራሎቹ በባሏ ላይ ምን ብለው እንደዛቱ ለሕዝቡ እንዲነግርላት ለመነችው። ዶይል ድምፅ የሚያስገኝ ንግግር አይተውም።

«ወገኖቼ፣ ወንበርህን ባዶ እናስቀረዋለን አሉት። እነሆ፣ ባዶ ነው።»

«ዶይል» አለች ቨርና ረጋ ብላ፣ «ያንን ቅጂ ከሩፈስና ከእኔ በቀር የሰማ የለም። ማን ነገረህ?»

በየቤቱ ማንኪያ ሁሉ ቆመ።

«ሊያዋርደኝ ነበር'ኮ፣ ቨርና» አለ ዶይል። «ለውሃ ብሎ የገዛ ወገኑን! ምርጫው ደጃችን ላይ ደርሶ...» ከዚያ ማይኩ ክፍት መሆኑን የሚያሳየውን ቀይ መብራት አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማይኩን ዝጊው። ስለ እግዚአብሔር።»

ሩፈስ በሩን ዘግቶ ቆሟል። ቨርና ማይክራፎኑን ወደ ዶይል አፍ አስጠጋችው።

«ከውሃው ጀምር» አለችው።