የቆሙት ታንኳዎች

ጌትነትን ማለዳ ያገኙት ጣና ዳር፣ ደንገሉ ውስጥ ነው፤ ከአቶ ኢስሀቅ የድንጋይ መውረጃ አጠገብ፣ ፊቱን ውሃው ላይ ደፍቶ። ግንባሩ ተፈንክቷል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ ዋና አይችልም።

ፀሐይ ሞቅ ስትል አቶ ኢስሀቅ ታንኳ የሚሠሩበትን ግቢ አጥር የባሕር ዳር ወሬኛ ሞላው። «ነፍስ ይማር» ያለ አልተገኘም፤ ሁሉም ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጻል። ከውስጥ፣ ቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ የአቶ ኢስሀቅ ልጅ ሱምያ ሂጃቧን ወደ ግንባሯ ስባ ተቀምጣለች። ካሜራ ከፈራች ወር አልፏታል። ጎርጎራ ላለችው የአክስቷ ልጅ ለጦይባ ብቻ የላከችው፣ ፀጉሯን ተሠርታ የተነሳችው ፎቶ «የጣና ወሬ» የሚባል የቴሌግራም ቻናል ላይ ወጥቶ፣ ከሥሩ ለማንበብ የሚቀፍ ነገር ተጽፎበት ነበር። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሲስቅባት ከረመ። ቻናሉ የጌትነት ነው ተባለ። ማን እንዳለ ግን የጠየቀ የለም።

ኢንስፔክተር ፀሐይወርቅ ጎልማሳ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሴት ናቸው። አጥሩን አንዴ ገልመጥ አድርገው በሩን አስዘጉት።

የሟቹ ጓደኛ ቢያዝን ስልኩን አቀበላቸው። «ትናንት ጌትነት የላከልኝ ስክሪንሾት ነው» አለ።

ኢንስፔክተሯ ጮክ ብለው አነበቡት። ከሱምያ ስም የመጣ መልእክት ነው፤ «ሲመሽ ቤታችን ና። ከቆሙት ታንኳዎች ሥር እጠብቅሃለሁ።» ጌትነትም «እሺ፤ እኔም የምነግርሽ አለኝ» ብሎ መልሷል።

ሱምያ ክው አለች። አልጻፈችውም። ልትጽፈውም አትችልም፤ ወንድሟ ነስረዲን ፎቶውን ያየ ለት ስልኳን ነጥቆ ሳጥኑ ውስጥ ቆልፎበታል፤ ቁልፉን በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። «ጌትነትን ካገኘሁት አልምረውም» ሲልም በጆሮዋ ሰምታዋለች። ታዲያ ከእሱ ሌላ ማን ይጽፈዋል? እውነቱን ብትናገር ወንድሟን ታሳስራለች፤ ዝም ብትል እሷው ልትታሰር ነው።

«ስልክሽ የት አለ?» አሏት ኢንስፔክተሯ።

«ጠፍቶብኛል።»

«መቼ?»

«እንጃ።»

«አንተስ ነስረዲን፣ አላየኸውም?»

«የእሷን ስልክ እኔ ምን አውቄ!» አለ፤ እጁ ሳያውቀው አንገቱ ጋ ደረሰ።

ኢንስፔክተሯ አዩት። ደግሞ ወደ ሱምያ ዞረው «ቴሌግራም ማን ከፈተልሽ?» ብለው ጠየቋት።

«ሔራን ናት።»

ሔራን አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ይዛታለች፤ የፋብሪካ መሐንዲስ ልጅ፣ የዴስክ ጓደኛዋ። «ስልክ ከመግዛቷ በፊት በእኔ ስልክ ነው የከፈትኩላት» አለች ሔራን ቀልጠፍ ብላ።

«እዚህ ግቢ ትመጫለሽ?»

«ከትናንት ወዲያ እንኳ አብረን ስናጠና ነበር።»

«አንተስ ቢያዝን?»

«ኧረ በጭራሽ! ዛሬ እንኳ መንገዱ ጠፍቶብኝ ፖሊስ ነው ያመጣኝ።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ሐይቁ ዳር ወረዱ። ከግቢው ግድግዳ ሥር ሣሩ ተጨፍልቆ ነጥቷል። «አቶ ኢስሀቅ፣ እዚህ ምን ነበር?»

«ሦስት ታንኳ ነበረ» አሉ አቶ ኢስሀቅ። «ታንኳው ደንገል ስለሆነ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ እንዲደርቁ ግድግዳው ላይ አስደግፌ አቁሜያቸው ሰነበትሁ። ትናንት ጠዋት የደቅ ደሴት ሰዎች ወሰዷቸው።»

«ማን ጫነላቸው?»

«እኔና ሁለቱ ልጆቼ።»

ኢንስፔክተሯ ሲመለሱ ፊታቸው ላይ ደስታ አልነበረም። ሁሉንም ቆርቆሮው ሥር ሰብስበው አስቀመጧቸው።

«ሱምያ፣ ስልክሽ አልጠፋም» ብለው ጀመሩ። «ከውጭ ስልክ በጮኸ ቁጥር እጅሽ ባዶ ኪስሽን ይዳስሳል። ዕቃ የጠፋበት ሰው መሬት መሬቱን ያያል፤ አንቺ ግን የወንድምሽን አንገት ነው የምታዪው። ነስረዲን፣ ቁልፉን አምጣ።»

ነስረዲን ክሩን ከአንገቱ አወለቀ። ሳጥኑ መጣ፤ ስልኩም ባትሪው አልቆ ወጣ። አንድ ፖሊስ ቻርጅ ላይ ሰካው። «ቆልፌበታለሁ እንጂ አልጻፍሁም! ወላሂ አልጻፍሁም!» አለ ነስረዲን።

«አውቃለሁ» አሉ ኢንስፔክተሯ። «ጠዋት በትከሻህ የጫንኸው ታንኳ ሥር ማታ ሰው ትቀጥራለህ? እህትህም፣ አባትህም አያደርጉትም። መልእክቱን የጻፈው ሰው ታንኳዎቹ ቆመው አይቷል፤ ሲሄዱ ግን አላየም። ቢያዝን ደግሞ ሲቆሙም አላየም፤ ግቢውን ዛሬ ነው ያወቀው። ከትናንት ወዲያ መጥቶ ትናንት ጠዋት የቀረ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

የሔራን እጅ ከሱምያ እጅ ውስጥ ቀስ ብሎ ወጣ።

«የሱምያ ቴሌግራም በሔራን ስልክ ተከፈተ፤ ከዚያ ወዲህ አልተዘጋም፤ የምትጽፈውም የሚጻፍላትም እዚያም ይታያል። ለጦይባ የተላከው ፎቶ የሾለከው በዚያው ነው። ጌትነት የቻናሉ ባለቤት ሔራን መሆኗን ደረሰበትና ሊነግራት ለሱምያ ጻፈላት። አንብባ የመለሰችለት ግን ሔራን ናት።»

«ይሄ ግምት ነው!» አለች ሔራን።

ይኼኔ የሱምያ ስልክ በራ፤ ነዘረም። በቴሌግራም ሳይሆን በተራ ቴክስት የተላከ፣ ስልኩ እስኪበራ ሲጠብቃት የኖረ መልእክት ገባ። ኢንስፔክተሯ ሰጧት። ሱምያ ጮክ ብላ አነበበችው፤ «ሱምያ፣ ጌትነት ነኝ። ቴሌግራም ላይ ብጽፍልሽ ዝም አልሽኝ። ቻናሉ የእኔ አይደለም፣ የሔራን ነው፤ ስልኳ ላይ አይቻለሁ። እባክሽ መልሽልኝ።»

ወር ሙሉ ስትረግመው የከረመችው ልጅ ለእሷ ብሎ ነው የሞተው።

ሔራን ፊቷን ሸፈነች። «መጀመሪያ እኮ እኔ ነበርኩ» አለች። «አምና የእኔን ፎቶ ሲቀባበሉት አንድ ሰው እንኳ ‹ተዉ› አላለም። ስለ ሌላ ሰው መጻፍ ስጀምር እኔን ተዉኝ። ማቆም አልቻልኩም፤ ካቆምኩ ተመልሰው ወደ እኔ ይመጣሉ። ጌትነትን... ስልኩን ልቀማውና የያዘብኝን ማስረጃ ላጠፋበት ነበር። ታገለኝ፣ ገፋሁት፣ ድንጋዩ ላይ ወድቆ ውሃው ውስጥ ገባ። ከውሃው ውስጥ ጠራኝ። እኔ ሮጥኩ።»

ነስረዲን ቁልፉን በመዳፉ እንደጨበጠ «እኔ እኮ ልጠብቃት ብዬ ነው» አለ።

«የቆለፍህባት አፏን ነው» አሉት ኢንስፔክተሯ፣ ሳይቆጡ። «ስሟ ውጭ ቀረ፤ ሌላ ሰው ተናገረበት።»

ነስረዲን አንገቱን ደፋ። ሱምያ እሱን በመጠርጠሯ አፈረች፤ በአንድ በኩል ደግሞ ተናደደችበት፤ ሁለቱንም ልትነግረው አስባ ማልቀስ ቀደማት።

ሔራንን እጇን አሥረው ሲያወጧት በሩ ተከፈተ። አጥሩ ላይ ያሉት ስልኮች በአንድ ጊዜ ተነሱ። ሔራን ፊቷን ልትሸፍን ሞከረች፤ በታሰረ እጅ አልሆነላትም። ሱምያ ተነሳች፤ የአባቷን ጋቢ ከመደቡ አንስታ ሔራን ራስ ላይ ጣለችው።

«ይቅር ብዬሽ አይደለም» አለቻት በጆሮዋ። «የሚቀባበሉት እንዳያገኙ ነው።»

ከአጥሩ ላይ አንዱ «ግለጪያት!» ብሎ ጮኸ። ሱምያ ጋቢውን በሁለት እጇ ይዛ እስከ ፖሊስ መኪናው ድረስ አብራት ሄደች።