አምስትን ያዘለለው ሰው

ድርቁ በበረታበት በ1977 ዓ.ም.፣ ሸዋ ሮቢት አጠገብ ካለው የመንግሥት እርሻ፣ አደም ከሦስተኛው የውሃ በር ቱቦ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ደለል ሊጠርግ ገብቶ ውሃ ተለቀቀበት። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ለሞተ በሬ እንኳ ከዚያ የበለጠ ሰው ይሰበሰባል።

የፖሊሱ ሃምሳ አለቃ ስንታየሁ ሲደርስ፣ የእርሻው ኮሚቴ በሮቹን ከመቆጣጠሪያ ሳጥን ቁጥር እየተጫነች የምትከፍተውን ዘይቱናን እጇን አስሮ፣ ወደ እስር ቤት ሊልካት መኪና ይጠብቃል።

«ሰባትን ነው የተጫንኩት፣ ወላሂ!» አለች።

«ታዲያ ሦስት ለምን ተከፈተ?»

«እሱን ሳጥኑን ጠይቀው።»

ሳጥኑን የገጠመው አብዱልወሃብ ከትናንት ጀምሮ አጣዬ ነበር፤ ገና ከአውቶቡስ መውረዱ ነው። «ዲመልቲፕሌክሰር ይባላል፤» አለ።

«ስሙን ተወው፤ ሥራውን ንገረኝ።»

«ትእዛዝ በአንድ ሽቦ ይገባል፤ ከሰባቱ በሮች ወደ አንዱ ብቻ ይወጣል። ወደየትኛው እንደሆነ የሚነግሩት ሦስት ሽቦዎች ናቸው፦ አንድ፣ ሁለት፣ አራት። እንደ ሚዛን ድንጋይ ይደመራሉ። ለሰባት ሦስቱም ይሠራሉ።»

ክዳኑ ሲከፈት «አራት» የተባለው ሽቦ ተነቅሎ ተገኘ።

«እኔማ ፊደል ያልቆጠርኩ፣ ይኼን የት አውቄ!» አሉ ውሃ አከፋፋዩ ጋሽ ሙሄ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። ፊደል ያልቆጠረ ሁሉ ቂል ይመስል! ዕድሜያቸውን ሽንኩርት ሲመዝኑ የኖሩ ሰው።

ስንታየሁ ወደ ዘይቱና ዞረ። «አደም ጠላት ነበረው?»

«ወዳጅስ መች ነበረው? ነገ ስብሰባ ላይ የውሃ ሌባ አጋልጣለሁ ብሎኝ ነበር። ስሙን አልነገረኝም።»

«የዛሬው ተራ የማን ነበር?»

«መጀመሪያ አምስት፣ ቀጥሎ ሰባት። ጋሽ ሙሄ ግን፣ የአምስት ቦይ ፈርሷል፣ ዝለዪው አሉኝ።»

ስንታየሁ በዚያ ሐሩር ብቻውን ወደ አምስተኛው ቦይ ወረደ። ተመልሶ ሁሉንም ከግራሩ ጥላ ሰበሰበ።

«ከሰባት አራት ሲጎድል ሦስት ነው። ውሃው አደም ላይ የሄደው ለዚህ ነው። አምስት ቀድሞ ቢነካ ግን አንደኛው በር ይከፈት ነበር፤ ተንኮሉ ይጋለጣል፣ አደምም ከቱቦው ይወጣል። አምስትን ያዘለለው ይህን ያወቀ ሰው ነው። ቦዩን አየሁት፤ አንድ ድንጋይ አልተነቃነቀም። ጋሽ ሙሄ፣ አደምን ደለል ጥረግ ብሎ የላከውስ ማን ነው?»

«ምላሱን ቢሰበስብ ኖሮ...» አሉ ሙሄ፣ ቃሉ ከአፋቸው አምልጦ።

ስንታየሁ የዘይቱናን እጅ ፈታ። «ነፃ ነሽ፣ እትዬ።»

«የተጫነችው ጣት የኔ ናት፤ እሷንስ ማን ይፈታታል?»

ሁሉም ሙሄ ሲጫኑ ለማየት ወደ መኪናው ሮጧል።