የግራው አይሰማም

«የግራው አይሰማም» ብላ ኛሉዋል ኢርፎኑን ከጆሮዋ ነቀለች። ይህ የሞከረችው ሦስተኛው ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ሱቄን ልታዘጊኝ ነው የመጣሽው?» አለ ሆት እየሳቀ። ኒውላንድ ሰፈር ውስጥ የስልክ ዕቃ ይሸጣል፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አብረው ስለሚዘምሩ ማሸጊያ እየከፈተ ያስሞክራታል። «ሰሞኑን እኮ በልምምድም ዜማ እየሳትሽብን ነው።»

ጥቁሩ ርካሽ ነው፤ ግን ቤዙ ሁሉንም ይውጠዋል፣ ዘፋኙ በርሜል ውስጥ የገባ ይመስላል። ነጩ ጎማ የለውም፤ ደረቅ ፕላስቲኩ ጆሮ ያማል፣ ራስ ሲነቀነቅ ደግሞ ወልቆ ይወድቃል። ሦስተኛው፣ ገመዱ በጨርቅ የተሸፈነው፣ ልክክ ብሎ ገባላት። ከበሮው ለብቻ፣ ድምፁ ለብቻ ጥርት ብሎ ይሰማል። በቀኝ በኩል ማለት ነው። በግራ ሦስቱም ያው ናቸው፤ ጎረቤት ቤት የተከፈተ ሬዲዮ ይመስላሉ።

«ጎማው አንሶሽ ይሆናል። ክፍተት ካለ ድምፁ ይፈሳል» አለና ሆት ትልቁን ጎማ አጠለቀላት። ጎማው ጆሮዋን ሞላው፤ ድምፁ ግን አልመጣም።

አብራት የመጣችው ጓደኛዋ አቢጋኤል ትዕግስቷ አለቀ። «አቦ አምጪው እስቲ።» ሁለቱንም ሰክታ ወዲያው መወዝወዝ ጀመረች። «ምርጥ ነው እኮ። ሁለቱም እኩል ነው የሚሰማው። ምን ሆነሽ ነው?»

ኛሉዋል ተቀበለቻትና አቀያየረችው፤ የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ ሰካች። ያው ነው። ግራ ጆሮዋ ውስጥ ከዘፈኑ ይልቅ ያ ጭው የሚለው ነገር ይበልጣል። ይለቀኛል ብላ ስትጠብቀው ነበር። ኢርፎኑስ ምንም አልሆነም።

ጆሮዋን እንዲህ ያደረገው አጎቷ ጋትዌች ነው። አንድ ቀን ከልምምድ ስታመሽ ደጅ ቆሞ ጠበቃትና በጥፊ አጮላት። በማግስቱ ይቅርታ አላለም፤ ገንዘብ ሰጣትና «ደስ ያለሽን ግዢበት። ሰው ከጠየቀሽ በር መታኝ በዪ» አላት። ለአቢጋኤልም እንደዚያው አለቻት። ምን ታድርግ? እናቷ ኩሌ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ጽዳት እየሠራች ታናናሾቿን ታሳድጋለች፤ ኛሉዋል ከተማ የምትማረው አጎቷ ስላስጠጋት ነው። እንጀራውን እየበላች በምን አፏ ትከሰዋለች? እሱም ይህንን ያውቃል፤ ማወቁ ነው ይበልጥ የሚያንገበግባት። አሁን ደግሞ በጥፊው ዋጋ ኢርፎን ልትገዛ ቆማለች፤ ያውም በአንድ ጆሮ ለምትሰማው።

«ልጠቅልልልሽ?» አለ ሆት።

«ተወው።» ወደ አቢጋኤል ዞረች። «እናትሽ ቤት ናቸው?»

የአቢጋኤል እናት ሲስተር አልማዜ ከጤና ጣቢያ ገና መግባታቸው ነበር። ጫማቸውን ሳያወልቁ ኛሉዋልን መስኮቱ አጠገብ አስቀምጠው በትንሽ መብራት ጆሮዋን አዩላት። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ቀኝ ጎኗ ሳብ አድርገው ተቀመጡ።

«ታምቡሩ ተቀዷል፣ የኔ ልጅ። ውሃ እንዳይነካው። ነገ ሆስፒታል እንወስድሻለን።»

«ይድናል?»

«ብዙ ጊዜ ይድናል። ያንቺን ግን አሁን ልምልልሽ አልችልም። ምን መትቶሽ ነው?»

«በር ነው እኮ» አለች አቢጋኤል ከኋላ። «ያኔ ነግራኛለች።»

ሲስተር አልማዜ ወደ ልጃቸው አልዞሩም። ዓይናቸው ኛሉዋል ላይ ነው።

ኛሉዋል አሰበች። ከተናገረች ወሬው ኩሌ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። እናቷ በመጀመሪያው መኪና መጥታ ልብሷን ትሸክፍላታለች፤ ትምህርቷ መሃል ላይ ይቀራል፣ ዝማሬውም ይቀራል። አጎቷም ዓይንሽን አልይ ይላታል። ዝም ብላ ወደ ቤቱ ከተመለሰች ደግሞ ገና ያልተመታው የቀኙ ጆሮ አለ።

«በር አይደለም፣ ሲስተር» አለች።